የእናታችንን ጠገራ ያየሁበት መነጽር

እናታችን ስትሞት ከሣጥኗ ሥር አንድ የቆዳ ኮሮጆ ተገኘ። ውስጡ አሥራ ሁለት ጠገራ ብር ነበረበት፤ ያ የፈረንጅ ሴት ምስል ያለበት፣ የድሮ ሰው ይገበያይበት የነበረው ትልቁ ብር። መሬቱ በሕይወቷ ሳለች ተከፍሏል። ከብቱም ለሕክምናዋ አልቋል። የቀረን ኮሮጆው ብቻ ነው።

ወራሾቹ ሦስት ነን። አንዷ እኔ ነኝ፣ የበኩር ልጇ። ሁለተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሦስተኛዋ በሞተችው እኅታችን ቦታ የምትቆመው ልጇ ናት። ይህች ልጅ እናቷን ያጣችው ጡት ሳትጥል ነው፤ ያሳደገቻት እናታችን ናት። ዛሬ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ በኪራይ የስፌት መኪና ልብስ ትሰፋለች። ድርሻዋን ሸጣ የራሷን መኪና መግዛት ነበር ሐሳቧ።

ተዝካሩ ከወጣ በኋላ እንድንካፈል ተስማማን። በእኛ ዘንድ የሚደለድል ሰው አይመርጥም። ታላቅየው መደቡን እኩል እኩል አድርጎ ያስቀምጣል። ከዚያ ወራሾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይሰጣሉ፤ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ የፍየል በጠጥ። ይህን ደጅ የቆየና የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ይቀበልና በየመደቡ ላይ ይጥላል። በቃ፤ ባቄላህ ያረፈበት ያንተ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አፉን አይከፍትም።

መደቡን የደለደልሁት እኔ ነኝ። ብሮቹ ግን አንድ መልክ አልነበሩም። አንዳንዱ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ነገር ይዞታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያበራል። ነገ ወንድሜ «ለኔ የጠቆረው ደረሰኝ» እንዳይል፣ ከዚያም ይበልጥ ልጅቱ «ለሙት ልጅ የተረፈውን ሰጡኝ» እንዳትል ፈራሁ። ስለዚህ በዋዜማው ሁሉንም በአመድና በደቃቅ አሸዋ ፈተግኋቸው። ሁለቱ በአሮጌ ሰማያዊ ጨርቅ ለብቻቸው ተቋጥረው ነበር። ቋጠሮውን ፈትቼ ጨርቁን ምድጃ ውስጥ ጣልሁትና ሁለቱንም ከሌሎቹ ጋር ቀላቀልኋቸው። ስጨርስ አሥራ ሁለቱም እንደ መስተዋት ያበሩ ነበር። እጄ ቆስሎ ነበር፤ ግን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ እንደ አባቶቻችን እውነተኛውን በጩኸቱ ልንለይ እያንዳንዱን ደንጊያ ላይ ጣልነው። ሁሉም ጮኹ። አራት አራት አድርጌ መደብኋቸው፣ ዕጣው ወጣ፣ ተመራርቀን ተለያየን።

ሁለት ወር ሳይሞላ ልጅቱ ከአርብ ገበያ በእግሯ መጣች። ቤቴ ከቤተ ልሔም ገዳም በታች ነው፤ ዳገቱ ለወጣትም ይከብዳል። ተቀምጣ እንኳ ላቧን ሳትጠርግ ነገሩን ነገረችኝ። ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ የድሮ ገንዘብ ለሚሰበስቡ ሰዎች የሚገዛ አንድ ነጋዴ አልጋ ይዞ ነበር። አራቱን ብር ይዛለት ሄደች። ነጋዴው ከኪሱ ትንሽ ጥቁር መነጽር አውጥቶ በአንድ ዓይኑ ላይ ደግኖ አየላት። ከዚያ ሁለቱን ወደ ጎን አደረጋቸው። እነዚህ ከመንግሥት ማተሚያ የወጡ አይደሉም፣ አንድ አንጥረኛ ብር አቅልጦ በቅርጽ ውስጥ አፍስሶ የሠራቸው ናቸው አላት። የቀሩት ሁለቱ እውነተኛ ናቸው፣ ግን ፊታቸው ተልጧል፣ ሰብሳቢ ደፍሮ አይገዛቸውም አላት።

ያኔ ያልሁትን ዛሬ ብመልሰው እወድ ነበር። ተቆጣሁ። የገበያ ነጋዴ ሊያረክስብሽ ነው እንጂ የእናቴ ብር ሐሰት የለበትም አልኋት። ደግሞም ዕጣ የእግዚአብሔር ነው፣ በደረሰሽ አመስግኚ አልኋት። ያቀረብሁላትን ሳትነካ ተነሣች። ደፉ ላይ ቆማ ዞር አለችና፦

«ዕጣውን እግዜር ጣለው፣ አክስቴ። መደቡን የሠሩት ግን እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ ብደውል አታነሣም። በየሳምንቱ ትልክልኝ የነበረው ሰላምታም ቀረ። ወሬው ሰንበቴ ላይ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ ጠላ እየቀዳች «እንግዲህ ለኛም ስትደለድዪ እናይሻለን» አለች፣ እየሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ በሕይወቴ የድንበር ሽማግሌዎች ሲሳሳቱ በመካከላቸው ገብቼ የመሬቱን ልክ በገመድ ያስደገምሁ ሴት ነኝ። ያን ቀን ጠላዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ልጅቱ ተበድላ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። የበደላት ደግሞ የኔ እጅ እንደሆነ። ነጋዴውን ልጠይቀው እችል ነበር፤ ግን የነጋዴ ዓይን ለነጋዴው ነው። ወንድሜን ብጠይቀው አራቱም ብሮቹ በእጁ ናቸው፣ የሚጎዳው ነገር የለም። ያ ነጋዴ ያየበትን ዓይነት መነጽር ገዝቼ በራሴ ዓይን ማየት አለብኝ አልሁ። ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ሲከፈት የራሴን አራት ብር በመቀነቴ ቋጥሬ ሚኒባስ ተሳፍሬ ንፋስ መውጫ ወጣሁ።

ከመናኸሪያው ጀርባ መነጽር፣ ባትሪና ቁልፍ የሚሸጥ አንድ ሙስሊም ነጋዴ አለ። አባቱን አውቀው ነበር፤ ሚዛኑ የታመነ ሰው ነበር። ልጁም ያውቀኛል። ደቃቅ ነገር የሚያጎላ መነጽር እፈልጋለሁ አልሁት። ምን ሊያዩበት ነው አለኝ። ጠገራ ብር አልሁት።

«ጠገራ ቆጥሮ የሚያገባዎት ሽማግሌ መጣ እንዴ፣ እማማ?»

«ከመጣ ሚዜው አንተ ነህ፤ አሁን ዕቃውን አሳየኝ።»

ትልቅ እጀታ ያለው፣ በባትሪ የሚበራ አንድ መነጽር አወጣ። ጎኑ ላይ ስድሳ የሚል ቁጥር አለበት። ስድሳ ጊዜ ያጎላል፣ ከዚህ የሚበልጥ የለም አለኝ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ መብራትም አለው፤ እኔም አመንሁ። ከፍዬ ወጣሁ።

ሱቁን አለፍ ብሎ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ሰዓት ሠሪ አለ። ዛሬ ዛሬ ሰዓት የሚያሠራ ሰው ስለጠፋ ስልክ ይበልጥ ይፈታል፤ ግን የድሮ ዓይነት መነጽሩ እስካሁን ከግንባሩ አይወርድም። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ በአዲሱ መነጽር ብሬን ሳይ አየኝ። መብራቱ ብሩ ላይ እያንጸባረቀ ዓይኔን ያጭበረብረዋል። የሴትዮዋ ፊት አንዴ ያብጣል፣ አንዴ ይጣመማል። የያዘውን ስልክ አስቀምጦ፦

«እናቴ፣ በዚህ ምስር ይለቅሙበታል እንጂ ብር አያዩበትም» አለኝ።

ተናደድሁ፤ ግን አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁ። ብሎኖቹን የሚያስቀምጥበትን ባለ ካሬ የደብተር ወረቀት አራግፎ ሰጠኝና ካሬውን በመነጽሩ እንዳይ አዘዘኝ። አየሁ። መካከሉ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሏል፤ ወደ ዳር ሲሄድ ግን እንደ ሞፈር ይጎብጣል። በየመስመሩ ጫፍ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ቀጥ ያለ እንደሆነ ያውቃሉ፣ መነጽሩ ካጎበጠው የሚዋሸው መነጽሩ ነው ሲል አስረዳኝ። ቀጥ ያለውን የሚያጎብጥ መነጽር የጎበጠውን ቀጥ ነው ብሎ ያሳያል።

ስድሳ የሚለውንም ጠየቅሁት። ሳቀ። «ቁጥሩ ለዓይን አይደለም፣ ለኪስ ነው። ለብር ከአሥር በላይ አይፈልጉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አፍንጫዋን ያያሉ፣ ፊቷን አያዩም።» ከዚያ የራሱን ከግንባሩ አውርዶ እያሳየ ነገረኝ። መስታወቱ ላስቲክ መሆን የለበትም፤ ጥሩው ሦስት መስታወት አንድ ላይ የተጣበቀበት ነው። ውስጡ ጥቁር ይሁን፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ፀሐዩን ወደ ዓይን ይመልሳል። ማጠፊያው ላላ ካለ አይያዝ፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ዓይንም ይንቀጠቀጣል። የራስዎን ይሽጡልኝ አልሁት። በዚህ እንጀራ እበላለሁ፣ የሰው ዓይን ይገዛል ወይ አለኝ። እውነቱን ነው። አፈርሁ። ካሬ ወረቀቱን ግን ለምኜ ወሰድሁ።

ወደ ሱቁ ተመለስሁ። ነጋዴው መነጽሩን ሳስቀምጥ ገና ቃል ሳልናገር ቁጥሩን የጻፈው ፋብሪካው ነው አለ። የሸጥኸኝ ግን ፋብሪካው አይደለም፣ አንተ ነህ አልሁት። ካሬውን ዘርግቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ራሱ አየ። ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን አውጥቶ ሦስት ትንንሽ ታጣፊ መነጽሮች ፊቴ ደረደረ። ሦስቱም ላይ አሥር ይላል።

አንደኛው እንደ ገለባ ቀላል ነው፤ መስመሩን አጎበጠው። ሁለተኛው ውብ ነው፣ እንደ ወርቅ የሚያበራ፣ ከነማኅደሩ። መስመሩንም አላጎበጠም። ነገር ግን ወደ ፀሐይ ሳዞረው ውስጡ ብልጭ እያለ ዓይኔን አጠፋው፤ በዳሩም ያ ቀለም አለ። ሦስተኛው ጥቁር ነው፣ ቀለሙ ተላልጧል፣ ማኅደር የለውም። ማጠፊያው ጥብቅ ነው፤ ለመክፈት ጥፍር ይጠይቃል። ካሬውን አየሁበት። ከዳር እስከ ዳር መስመሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀለም የለም። ነጋዴው «እሱ አሮጌ ነው፣ እማማ፤ ከመደርደሪያው ሥር የቆየ ነው፣ በርካሽ ይውሰዱት» አለኝ። አይሆንም አልሁ። ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ስለሆነ ዋጋው ከሦስቱ ከፍ ያለው ይሁን አልሁት። ብልጫውን አውቄ በርካሽ ብወስድ እሱ ያላወቀውን ሰረቅሁት ማለት ነው።

«ዋጋ ጨምሩብኝ የሚል ገዢ ዛሬ አየሁ» አለና ራሱን ነቀነቀ። ተቀበለኝ።

ሰዓት ሠሪው አያያዙን አስተማረኝ። ስናይ ብሩን ሩቅ አስቀምጠን መነጽሩን ወደ ብሩ እናስጠጋለን፤ ስሕተቱ እሱ ነው። መነጽሩ ወደ ዓይን ይጠጋል፣ እጅ ጉንጭ ላይ ይደገፋል፣ ብሩ ነው ወደ መነጽሩ የሚመጣው። ሌላው ዓይን አይጨፈንም። ብርሃኑም ከፊት ሳይሆን ከጎን ይምጣ፤ ከጎን የመጣ ብርሃን ጥላ ይጥላል፣ ጥላም ጉድጓዱን ይናገራል።

እዚያው በረንዳው ላይ የራሴን የመጀመሪያ ብር አነሣሁ። ሴትዮዋ ጥርት ብላ መጣች። የፀጉሯ ክር፣ የጌጧ ነጥብ፣ በዙሪያዋ ያለው የማላነበው ጽሕፈት። ጉንጯ ግን ታርሶ ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። ከላይ ወደ ታች ትልም፣ ከዚያ አግድም ትልም፣ በላዩ ላይ ደግሞ ክብ ክብ። የኔ አሸዋ ነው። የእጄን ዙር እንኳ አወቅሁት፤ ድስት ስፈትግ እንደማዞረው አዙሬዋለሁ። ሁለተኛውን አየሁ፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ሁሉም እውነተኛ ነበሩ፤ ሁሉም ታርሰዋል። ያ ብር ገዢ ነጋዴ ፊታቸው ተልጧል ያለው ውሸት አልነበረም።

በተከታዩ አርብ ወደ ልጅቱ ወረድሁ። የገበያ ቀን ስለሆነ አህያ የሚነዳውና እህል የሚሸከመው መንገዱን ሞልቶታል። ጓንጓ በሚለው መኪናዋ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተነሣችም። የደንበኞች በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። የያዘችውን ቀሚስ ጠርዙን እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ ብሮቹን አምጪ አልኋት።

«ሊወስዷቸው ነው?»

«ላያቸው ነው።»

ከጨርቅ ክምር ሥር አወጣቻቸው። በሩ ላይ፣ ፀሐዩ ከጎን በሚመጣበት ቆምሁ። ሁለቱ እንደኔዎቹ ነበሩ፤ ትልሙ አለ፣ ከትልሙ ሥር ግን ጽሕፈቱ በቢላ የተቆረጠ ያህል ስለታም ነው። ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ የቀለጠች ሻማ መሰለች። የጌጧ ነጥቦች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ምስል በሌለበት የብሩ ሜዳ ላይ ከጤፍ ያነሱ ጉድጓዶች ተበትነዋል፤ ብሩ ሲፈስ አየር የቀረበት ነው። ጠርዙን አዙሬ ሳየው ሁለት የቅርጽ ግማሾች የተገናኙበት መስመር በሞረድ ተሞርዷል። አራተኛውም እንዲሁ ነው። ብሩ ራሱ ብር ስለሆነ ደንጊያው ላይ ጮኸ። እኛም ድምፅ ሰምተን አመንን።

ያን ጊዜ ሰማያዊው ጨርቅ ትዝ አለኝ። ሁለት ነበሩ የተቋጠሩት። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም፤ ለይታ ለማስቀመጥ ያላት ጽሕፈት ቋጠሮ ነው። የበርበሬ ዘር እንደዚያ ነበር የምትለየው፤ የሰው አደራም እንደዚያ። እኔ ደግሞ ጽሕፈቷን ፈትቼ አቃጠልሁት፤ ከዚያም ማንም ዳግም እንዳይለያቸው አድርጌ በአሸዋ አመሳሰልኋቸው። እኩል ላደርግ ብዬ።

ጨርቁን ያየ ሰው አልነበረም። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ይህን አሰብሁ፤ ማሰቤን አልክድም። ከዚያ ገብቼ ሁሉንም ነገርኋት። መኪናዋን አቆመች።

«እማማ ለይታቸው ነበር ማለት ነው» አለች፣ አያቷን ማለቷ ነው። ድምጿ ቁጣ አልነበረውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ሁለታችን ወንድሜ ዘንድ ሄድን። ገብስ ይወቃ ነበር፤ መንሹን ይዞ አውድማው ላይ አገኘነው። ነገሩን አስረዳሁት። እውነተኞቹ አሥር ናቸው፤ ሦስት ሦስት እንውሰድ፣ አሥረኛው ለእናታችን ጸሎት ለቤተ ክርስቲያን ይሁን አልሁት። እኔ አንድ ለልጅቱ እሰጣለሁ፣ አንተ አንድ ለቤተ ክርስቲያን ስጥ። መነጽሩን ዘረጋሁለት።

«እትዬ፣ ሰው ሲያረጅ ዓይኑ ይደክማል፤ ያንቺ በረታሳ» አለኝ።

እይ አልሁት። አላይም አለ። የወጣ ዕጣ አይመለስም፤ አያቶቻችን በዚህ ሕግ ደም ሳይፋሰሱ ኖረዋል አለ። ቀጠለና፦ «የኔ መደብ አልተበላሸም። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ካሺ።»

ያለው ግማሹ እውነት ነበር፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ አፍ ይይዛል። መነጽሩን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትሁት። ወንድሜ ወደ ገብሱ ዞረ።

ቤቴ ስንደርስ አራቱን ብሬን ደጁ ላይ ባለው መደብ ላይ ዘረጋሁ። ሁለት ውሰጂ፣ ሁለቱን ሐሰት ለኔ ስጪኝ አልኋት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ልክፈል። መነጽሩን እንድሰጣት እጇን ዘረጋች። እጇን ጉንጯ ላይ አስደገፍኋት፣ ሌላውን ዓይንሽን አትጨፍኚ አልኋት። መርፌ የለመደ ዓይን ነው፤ ወዲያው ገባት። አራቱን የኔን፣ ከዚያ አራቱን የራሷን እያገላበጠች አየች። እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። በሕይወቴ ሌላ ሰው ሲፈርድብኝ የጠበቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከኔ አንድ አነሣች። ከሐሰቶቹ አንዱን ወደኔ ገፋች። ሁለተኛውን በእጇ አስቀረች።

ሁለት ነው ያልሁሽ አልኋት።

«ሁለት ብወስድ ለኔ አራት፣ ለርስዎ ሁለት ይሆናል። ያ ደግሞ ሌላ ግፍ ነው፣ አክስቴ። እርስዎ ለራስዎ ሲሆን መቁጠር ይተዋሉ።»

ተከራከርሁ። ጥፋቴን ልሸከም ተይኝ አልሁ። ጥፋቱን ይሸከሙ፣ ብሩን ግን እኩል እንያዝ አለች። ቀና ብላ እያየችኝ ነበር፤ ከተቆጣኋት ቀን ወዲህ ዓይኔን ያየችበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የገፋችልኝን ሐሰት ብር አንሥቼ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርሁት። አውድማው ላይ ተሸንፌ አፍሬ ነበር፤ ይኼኛው መሸነፍ ግን አላሳፈረኝም።

ብሮቿን እስካሁን አልሸጠችም። ብር ገዢው ነጋዴ ዳግም ሲመጣ አብረን እንሄዳለን፤ ትልሙ የኔ እጅ እንደሆነ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ዋጋውን የሚያወርደው በእውነቱ ልክ እንዲሆን። የስፌት መኪናው ይቆይ አለችኝ።

አሁን እኔም ሦስት፣ እሷም ሦስት እውነተኛ ብር አለን። ለቤተ ክርስቲያን ይሁን ያልሁት አሥረኛው ወንድሜ ቤት ነው። ፋሲካ ላይ ተገናኘን፣ ተሳሳምን፣ ስለ ገብሱ አወራን። ስለ ብሩ እሱ አላነሣም። እኔ አነሣሁ፤ ወደፊትም አነሣለሁ። መነጽሩን በዘረጋሁለት ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ያች አንዲት ብር የማን እንደሆነች ሳያይም ያውቃል።